«ሩጫውን አላየሁትም፤ ያየሁት ፊቱን ነው»፦ ስለ ቶኪዮው የኦሎምፒክ ፊልም የቀረበ ጥያቄ

ክበብ_ደብረብርሃን (ጠያቂ)፦

የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን የፊልም ክበቡን አስተባብራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለተማሪዎችና ለወላጆች ያሳየነው ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ስለ 1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሠራውን «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ይህን ፊልም ለምን እንደመረጥን ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አበበ ቢቂላ የተወለደባት ጃቶ የምትገኘው ከመንዲዳ ብዙም ሳትርቅ ነው፤ ከተማሪዎቻችንም መካከል ከዚያው ወገን የሚመጡ አሉ። ፊልሙ 170 ደቂቃ ያህል የሚረዝም በመሆኑ፣ የአዳራሻችን ብርድም የታወቀ ስለሆነ፣ መክፈቻውን፣ የመቶ ሜትሩን ውድድርና የማራቶኑን ምዕራፍ ብቻ አሳየን።

ማራቶኑ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ካሜራው የአበበን ፊት ሸራውን እስኪሞላ ድረስ አቅርቦ በዝግታ ይከተለዋል፤ ላቡ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ይወርዳል፤ ዓይኖቹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሉም። እኔ ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም፤ ያም ሆኖ እዚህ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር እስካሁን ትንፋሼን እይዛለሁ።

መብራት በርቶ አስተያየት ስንጠይቅ ግን ከልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ፊልሙ መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ሩጫውን አላየሁትም፤ ያየሁት ፊቱን ነው። ከኋላው ማን እንዳለ፣ በስንት እንደቀደመ፣ መንገዱ ዳገት ይሁን ሜዳ አላሳያችሁኝም።» ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን የምመልሰው ጠፋኝ። እውነትም ያንን ምዕራፍ ዐይቶ የጨረሰ ሰው የሩጫውን ታሪክ ተናገር ቢባል ብዙ የሚለው አይኖረውም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ውድድር የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ውድድሩን የማስረዳት ግዴታ አለበት ወይስ ውድድሩን ትቶ ሰውየውን ብቻ ሊያሳይ ይችላል? ሁለተኛ፣ በመጪው ጥር ክበባችን በከተማችን የሚካሄድ አንድ የጎዳና ላይ ሩጫ ለመቅረጽ አስቧል፤ ያለን ሁለት ካሜራ ብቻ ነው፤ የት ብንተክላቸው ይሻላል?


ጣርማበር፦

መምህር፣ እኒያን አባት አይዞዎት ይበሉልኝ፤ የጃፓን ሚኒስትር አብረዋቸው ቆመዋል። ፊልሙ በ1965 ከመመረቁ በፊት ለባለሥልጣናት ሲታይ፣ የኦሎምፒኩን ጉዳይ በኃላፊነት ይዘው የነበሩት ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ ያቀረቡት ቅሬታ በይዘቱ ከእርሳቸው ቅሬታ የሚለይ አልነበረም። ሥራው ጥበብ በዝቶበት ለመዝገብነት አይበቃም የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ «ጥበብ ነው ወይስ መዝገብ?» በሚል ጥያቄ የጋዜጦች ክርክር ሆነ፤ ታዋቂዋ ተዋናይ ሂዴኮ ታካሚኔ በአደባባይ ለኢቺካዋ ተሟገተችለት፤ ፊልሙም ወጥቶ የጃፓን ሕዝብ ተሰልፎ ዐየው። በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ የፊልም ሐያስያንን ሽልማት አገኘ። ሥራው በመጀመሪያ ታስቦ የነበረው ለአኪራ ኩሮሳዋ እንደነበረም ማስታወስ ይገባል፤ ኢቺካዋ የገባው እርሱ ከቀረ በኋላ ነው። ኢቺካዋ የልብ ወለድ ፊልም ሰው እንጂ የስፖርት ሰው አልነበረም፤ ይህም እያንዳንዱ ምስል ላይ ይታያል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እኔ የማምነው ኢቺካዋ ፊቱን የመረጠው ስለሩጫው ግድ ስላልነበረው ሳይሆን ሩጫው ራሱ ምን ዓይነት እንደነበረ በሚገባ ስለተረዳ ነው። ቁጥሮቹን እንመልከት። አበበ ያን ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ነው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ የገባው በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ19.2 ሰከንድ ነው። በመካከላቸው ከአራት ደቂቃ በላይ አለ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት ገደማ የሆነው ሰው፣ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከኋላው ባዶ አስፋልት ትቶ ብቻውን ይሮጣል። እንግዲህ ካሜራው ወደኋላ ዞሮ «ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ማንም የለም» ነበር። ያን የመሰለ ሩጫ እንደ ፉክክር አድርጎ መቅረጽ የሌለ ነገር መቅረጽ ይሆን ነበር። ሩጫው የቀረው በሰውየውና በራሱ ገላ መካከል ብቻ ነበርና ካሜራውም ሩጫው ወዳለበት ሄደ።

ለዚህ ማስረጃው እዚያው ፊልም ውስጥ አለ። አበበ ገብቶ ሜዳው ላይ ጅማቱን ሲያፍታታ ከቆየ በኋላ ጃፓናዊው ኮኪቺ ትሱቡራያ በሁለተኛነት ወደ ስታዲየሙ ይገባል፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ሂትሊ ግን ከኋላው ደርሶ እዚያው ትራኩ ላይ፣ በገዛ ወገኑ ፊት፣ ይቀድመዋል። የሁለቱ ልዩነት 3.6 ሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ፉክክር ስላለ ኢቺካዋ ሁለቱን በአንድ ላይ እንድናይ ያደርገናል። ሽማግሌው «ማን ከኋላው አለ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ እዚህ ቦታ ላይ ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን ጥያቄው ትርጉም ባለው ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የአበበ ፊት ብቻውን ቢቀርብ ያን ያህል ኃይል አይኖረውም ነበር። ከፊቱ በፊትና በኋላ ኢቺካዋ ሌሎቹን ያሳየናል፤ እግሩ የተላላጠውን፣ መንገድ ዳር የተቀመጠውን፣ በስፖንጅ ራሱን የሚያርሰውን፣ የመጠጥ ጠረጴዛው ዘንድ ቆሞ አንዱን ብርጭቆ ጨርሶ ሌላውን የሚያነሣውን። ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ከዚያ ወደ አበበ ስንመለስ ዝምታው ይከብዳል። ፊቱ ምንም አይናገርም፤ ምን ያህል እንደሚሸከም የምናውቀው ከሌሎቹ ፊት ነው። እኛ አገር ስለ አበበ በተሠሩ ዝግጅቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይህ ይመስለኛል፤ እርሱን ለማግነን ስንል ሌሎቹን ቆርጠን እናወጣቸዋለን፤ ያን ጊዜ እርሱም ያንሳል።

ለተማሪዎቹ ከማራቶኑ ሌላ የሚያሳዩት ነገር ካስፈለገዎት ከቻድ የመጣውን የ800 ሜትር ሯጭ አህመድ ኢሳን የሚከተለውን ክፍል ያሳዩአቸው። ቻድ ነፃ ከወጣች አራት ዓመቷ ነበር። ልጁ ሜዳሊያ አላገኘም፤ ከግማሽ ፍጻሜም አላለፈም፤ ዳይሬክተሩ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ምግቡን ብቻውን ሲበላ ያሳየዋል። የመረብ ኳሱም አለ። የጃፓን ሴቶች ሶቭየቶችን አሸንፈው ሲተቃቀፉ ካሜራው እነርሱን ትቶ አሰልጣኙን ይፈልጋል፤ ሰውየው ለብቻው ነው፤ የደስታም የድካምም ሊሆን የሚችል ፊት ይዟል። ለአንድ ሚኒስትር ይህ ሁሉ ትርፍ ነገር ሊመስለው እንደሚችል ይገባኛል።


የሠርግ_ካሜራማን፦

ጣርማበር የጻፈውን አከብራለሁ፤ እኔ ግን ከሙያው በኩል ልናገር፤ ምክንያቱም ኢቺካዋ ያደረገው ነገር በሐሳብ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በመሣሪያ ነው የተገኘው።

ያ የአበበ ምስል የተነሣው ከሩቅ በረጅም ሌንስ ነው። ረጅም ሌንስ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ሰውየውን ሳይነኩት እንዲያቀርቡት ያስችላል፤ ካሜራው አፍንጫው ሥር ቢሄድ ኖሮ አበበ ያን ፊት አይሰጥም ነበር፤ ማንም ሰው ካሜራ ሲጠጋው ፊቱ ይለወጣል፤ እኔ ሙሽሮችን ስቀርጽ በየቅዳሜው የማየው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ርቀትን ያጥፋል። ከሯጩ በስተኋላ ያለው ሕዝብ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ይመስላል፤ ሯጩም ወደፊት የሚሄድ ሳይሆን እዚያው ያለ፣ ዓለም ግን በጎኑ የሚያልፍ ይመስላል። ሽማግሌው «መንገዱ ዳገት ይሁን ሜዳ አላሳያችሁኝም» ማለታቸው ሙያዊ አስተያየት ነው፤ ረጅም ሌንስ ዳገትን ይደመስሳል። ሽልማት የሚሸለሙ ካሜራማኖች ይህን ለመረዳት ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ስለ ዝግታውም እንዲሁ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚታየው። ነገሩ በሦስት እጥፍ እንዲዘገይ ከተፈለገ በሰከንድ 72 ምስል መቅረጽ ያስፈልጋል። የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ 400 ጫማ ጥቅል ቢጎርስ በተለመደው ፍጥነት አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይቆያል፤ በ72 ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ሩጫ ላይ የአንድ ደቂቃ ተኩል ጥይት ይዞ የቆመ ሰው ይታያችሁ። መቼ እንደሚተኩስ መምረጥ አለበት። ዛሬ ስልካችን ሁሉን ስለሚቀርጽ ሁሉን እንቀርጻለን፤ ከዚያ ኤዲት ላይ ስንቀመጥ የሚታይ ነገር እናጣለን።

ከራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አዘጋጅ የጎዳና ላይ ሩጫ እንድቀርጽለት ተዋዋለኝ። መሪዎቹን ልከተል ብዬ ባጃጅ ተኮናተርኩ፤ ከኋላ ተቀምጬ ካሜራውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ኮብልስቶን ላይ ስንገባ ምስሉ እንደ ወንፊት ተናወጠ። ከዚያ የጠዋቱ ብርድ ባትሪዎቹን በየተራ ገደላቸው፤ የደብረ ብርሃንን ጥር የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አዘጋጁ መጨረሻውን ሳይነግረኝ ወደ ሌላ መንገድ ስላዞረው፣ አሸናፊው ገመዱን ሲበጥስ እኔ አንድ መንገድ ወዲያ ማዶ ነበርኩ። ከአርባ ደቂቃ ቅጂ ውስጥ ዋጋ ያለው ሆኖ የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ሩጫው ከመጀመሩ በፊት በሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ በትራይፖድ ተክዬ ለወንድሜ አደራ የሰጠሁት ትንሿ ካሜራ የያዘችው ነው። አንዲት ልጅ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣች፤ ትንፋሿ ይጨሳል፤ ሰውነቷ ስለሞቀ የቀኝ እጇን የሱፍ ጓንት በጥርሷ ስባ አወለቀችና ሳታይ ወደ መንገዱ ዳር ወረወረችው፤ አለፈች። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ልጅቷ ስንተኛ እንደወጣች እስከዛሬ አላውቅም። አዘጋጁ ቪዲዮውን «ያላለቀ» ብሎ ግማሹን ክፍያ ከለከለኝ፤ ያቺን አሥራ አንድ ሰከንድ ግን ላሳየሁት ሰው ሁሉ ሩጫ ነች።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ባጃጁን ይተዉት። አንዱን ካሜራ በትራይፖድ ድልድዩ ላይ ይትከሉ፣ ያላችሁን ረጅሙን ሌንስ ይግጠሙለት፤ ሁለተኛውን መጨረሻው ላይ ያድርጉት፣ አዘጋጁንም መጨረሻው የት እንደሆነ በጽሑፍ ያስፈርሙት። ባትሪዎቹን ተማሪዎቹ ብብታቸው ሥር ይያዙላችሁ።


መዝገብ_ቤት፦

እኔ ከሽማግሌው ጎን ነኝ፤ እስካሁን የጻፋችሁትም ሐሳቤን አላስለወጠኝም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ።

ፊት ያምራል። ችግሩ ያማረ ነገር ማንን እንደሚያገለግል አለመጠየቁ ነው። ይህ ሁሉ የካሜራ ጥበብ በኢቺካዋ አልተጀመረም። የ1936ቱን የበርሊን ኦሎምፒክ በ«ኦሊምፒያ» የቀረጸችው ሌኒ ሪፈንሽታል ነች፤ ዘላዮቹ ሰማይ ላይ እንዲታዩ ካሜራማኖቿን ጉድጓድ አስቆፍራ አስገብታለች፤ ከሯጮች ጎን በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ካሜራ አቁማለች፤ ዋናተኞቹን ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚቀርጽ ካሜራ ነበራት። የማራቶኑ ምዕራፏ ላይ እግርና ጥላ፣ መንገዱና ዛፉ በሯጩ ዓይን ይታያሉ። ያንን ለማግኘት በልምምድ ጊዜ ለሯጮች ትንንሽ ካሜራ በቅርጫት አንገታቸው ላይ ታንጠለጥል ነበር። ማለትም ተመልካቹ የውድድሩ ነው ብሎ ያየው ምስል በከፊል ከውድድሩ የተወሰደ አይደለም። የምርኩዝ ዝላዩም መሽቶ ስለነበር የተወሰነው ክፍል በማግስቱ እንደገና ተሠርቶ ነው የተቀረጸው። ፊልሙ የተመረቀው በ1938 በሂትለር የልደት ቀን ነው፤ ወጪውን የሸፈነውም መንግሥቱ ነው። ነሐሴ 1936 ማለት ደግሞ የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። በዚያ ስታዲየም የኢጣሊያ ባንዲራ ሲውለበለብ የሚያሳየው ምስል ላይ ስለ ሸዋ የሚናገር ነገር የለም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር።

የዚያ ማራቶን አሸናፊ ማን ነበር? ኮሪያዊው ሶን ኪ ጆንግ። በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረ የሮጠው በጃፓን ባንዲራና በጃፓንኛ በተለወጠ ስም ነው። ሜዳሊያ ሲቀበል አንገቱን ደፍቶ፣ የተሰጠውን የዛፍ ችግኝ ደረቱ ላይ ያለውን ባንዲራ እንዲሸፍንለት አድርጎ ይዟል። የሪፈንሽታል ካሜራ እግሩን፣ ጥላውንና ድካሙን በሚያስደንቅ ውበት አሳየን፤ ሰውየው የማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። እንግዲህ «ሩጫው ፊቱ ላይ ነው» የሚለው አነጋገር የት ድረስ እንደሚያደርስ አስቡት። መዝገብ የሚጠይቅ ሰው ደረቅ ሰው አይደለም፤ እንዳይታለል የሚፈልግ ሰው ነው።

ጣርማበር ስለ አራቱ ደቂቃ ያነሣው ነጥብ ግን ጥሩ ነጥብ ነው፤ ሳላምን አልቀርም። ዳሩ ግን ከዚያው ነጥብ ተቃራኒውን ማውጣት ይቻላል። በ1996 አትላንታ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሥር ሺህ ሜትሩን የገባው በ27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ ነው፤ ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ8.17። ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። እዚያ ላይ የኃይሌን ፊት ብቻ አቅርቦ ቴርጋትን ያስቀረ ዳይሬክተር ጥበበኛ ሳይሆን ሌባ ነው። ስለ ኃይሌ የተሠራው «ኢንዱራንስ» ይህን ስሕተት አልሠራም፤ የአትላንታውን ክፍል ሩጫውን እንደ ሩጫ ነው ያሳየው። የልጅነቱ ታሪክ ግን በትወና ነው የቀረበው፤ አዋቂው ኃይሌም ራሱን ሆኖ ተውኗል። ደብተሩን ከሸጎጠበት ልማድ የተነሣ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ወደ ሰውነቱ እንደሚጠጋ የምናውቅ ሰዎች ልጁ ሲሮጥ ስናይ ልባችን ይነካል፤ ይሁንና የተተወነውና የተመዘገበው አንድ ላይ ሲሰፉ ስፌቱ መታየት አለበት እላለሁ።

በአጭሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ፊት ይቅረጹ፤ አንድ ተማሪ ግን ደብተርና ሰዓት ይዞ ማን በስንት እንደገባ ይጻፍ።


ከእንጦጦ_ማዶ፦

እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። ውድድር ሳይኖረው የቆመ የሩጫ ፊልም ማየት የፈለገ በ2012 የወጣውን፣ ጄሪ ሮትዌል የሠራውን የበቆጂን ፊልም ይመልከት፤ ሁለት ልጃገረዶችን ለዓመታት ይከተላል፣ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም አሉበት። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሚያመጣ የለም፤ መንገዱ ሲሠራ፣ አቧራው ሲነሣ፣ አንዷ ከክለብ ክለብ ስትንከራተት ነው የምናየው። ፊትም መዝገብም ጊዜ ካልተሰጣቸው አይመጡም።

ሌላው፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል፦ ስለ ሮሙ ውድድር በሚሠሩ ዝግጅቶች ላይ ሁሉ ቀኑ በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ብቻ እየተባለ ያልፋል። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ማራቶኑ በምሽት ስላለቀ ወታደሮች መንገድ ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ነበር፤ አበበም ያን ጊዜ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት በኩል አልፎ በባዶ እግሩ ገባ። ባገራችን ያን ምሽት ችቦ በየደጁ ይበራል። ይህንን አንድም ዳይሬክተር ጎን ለጎን አላስቀመጠውም፤ መምህር፣ ለክበብዎ አደራ ብያለሁ።


ክበብ_ደብረብርሃን (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ ለተማሪዎቹ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስለ ሶን ኪ ጆንግ የተጻፈው ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከራከሩ፣ ገና አልጨረሱም። ካሜራዎቹን በተመለከተ ድልድዩንና መጨረሻውን ይዘናል፤ ደብተርና ሰዓት የምትይዝ ልጅም ተመርጣለች። የችቦውን ሐሳብ ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ አቆይተነዋል።

ባለፈው እሑድ ላፕቶፔን ይዤ እኒያ አባት ከተማ ሲመጡ ወደሚያርፉበት፣ ወደ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ማራቶኑን ከመክፈቴ በፊት የሁለቱን ሰዓት በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው፤ ከአራት ደቂቃ በላይ ልዩነት ማለት አንድ ሰው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ። ወረቀቱን ይዘው ቆዩና «ታዲያ ይህን ያን ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ አልጮህብህም ነበር» አሉኝ። ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቡናቸውን ሳይነኩ አዩት። የአበበ ፊት ሲመጣ ምንም አላሉም። ትሱቡራያ ስታዲየሙ ውስጥ ሲቀደም ግን «አይ! አይ! ደረሰብህ!» ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ የልጅ ልጃቸው ሳቀችባቸው።

ሲያልቅ የጠየቁኝ ስለ አበበ አልነበረም። «ያ የጃፓን ልጅ ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሦስተኛ መውጣቱ ለአገሩ ትልቅ ነገር ነበር፤ እርሱ ግን በወገኑ ፊት መቀደሙ ሲከነክነው ኖረ፤ ለሜክሲኮው ኦሎምፒክ እየተዘጋጀ ሳለ በ1968 መጀመሪያ ላይ፣ በ27 ዓመቱ፣ ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል የሚገልጽ ደብዳቤ ትቶ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ታዲያ ካሜራው የእሱንስ ፊት ለምን ትንሽ አላቆየውም?» ብለው ጠየቁኝ።

ፊልሙ የወጣው ልጁ ከመሞቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው አልኳቸው። መልስ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ላፕቶፑ ጠቁመው «መልሰው» አሉ፤ መለስኩት፤ ስታዲየሙ በር ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ አቁመው» አሉኝና መነጽራቸውን ፈለጉ።